ክፍት ቦታ ፈቃድ አይደለም



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ ጁሙዓ አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። ከፊታችሁ ክፍት ቦታ ስላያችሁ ብቻ የመግባት ሐቅ አላችሁ?

ከመኪና እንጀምር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1997 በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ አጠገብ ስምንት ቡዊክ መኪኖች በፈጣን መንገድ ላይ ተከታትለው ሲነዱ ታዩ። ሹፌሮቹ መሪ አልያዙም። ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ግን 6.5 ሜትር ብቻ ነበር። በዚያ ፍጥነት ይህን ርቀት ለማለፍ ሩብ ሰከንድ አይፈጅም። የፊተኛው ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ሰው እግሩን እስኪያነሳ ነገሩ ያልቃል።

ታዲያ እንዴት አልተጋጩም? መንገዱ ውስጥ የተቀበሩ ማግኔቶች መስመራቸውን ያስጠብቋቸዋል፣ ራዳር ርቀታቸውን ይለካል። ከዚህ ሌላ በሬዲዮ ይነጋገራሉ፤ ከፊት ያለው የሚያደርገውን ከኋላ ላሉት ይነግራል።

የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ቀደም ብለው ደንብ ነድፈው ነበር። ዋናዎቹ እንቅስቃሴዎች ሦስት ናቸው፦ ከሰልፍ መቀላቀል፣ ከሰልፍ መለየት፣ መስመር መቀየር። በደንቡ መሠረት መኪናዋ ቦታው ክፍት ስለሆነ ብቻ አትገባም፤ አስቀድማ ትጠይቃለች። የተጠየቀው ሌላ እንቅስቃሴ ላይ ካለ «አሁን አይሆንም» ይላታል። እሷም ቆይታ እንደገና ትጠይቃለች። ክልከላው ንቀት አይደለም፤ ተራው ገና ስላልደረሰ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ያንን ባዶ ቦታ ከወዲያኛው መስመር ሌላ መኪናም አይታው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እኩል ቢገቡ ይጋጫሉ። ልብ በሉ! ሁለቱም ያዩት እውነት ነበር፤ ቦታው በርግጥ ባዶ ነው። ትክክል ማየት ግን ሐቅ አይሰጥም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለጁሙዓ ዘግይተን ስንደርስ መስጂዱ አጠገብ ባዶ ቦታ እናያለን። መኪናችንን አቁመን እንሮጣለን። ያ ባዶ ቦታ ግን የአንድ ቤት በር ነው። ከውስጥ ያለች እናት የታመመ ልጇን ሐኪም ቤት ልታደርስ ብትፈልግስ? ለአላህ ሐቅ ስንቸኩል የባሪያውን ሐቅ ዘጋንበት ማለት ነው።

«ሁልጊዜ የሚጠይቅና የሚጠብቅ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይቀራል። እናንተ የጠበቃችሁትን ተራ ሌላው ሳይጠይቅ ይወስደዋል። ይህ ያማል፤ አልክድም።

ነገር ግን መኪናዋ የምትጠይቀው ስለታዘዘች ነው። እምቢ ማለት አትችልም፣ ኒያም የላትም፤ ስለዚህ ምስጋና የላትም። እናንተ ግን መግባት እየቻላችሁ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሳይኖር፣ ለማታውቁት ሰው ብላችሁ ስትቆሙ መርጣችሁ ነው። ያቺ የዘገያችሁባት ደቂቃ አላህ ዘንድ አትጠፋም።

ዛሬ ከሰላት በፊት መኪናችሁን ስታቆሙ ዞር ብላችሁ እዩ፦ የማንን መውጫ ዘጋሁ? ነገም በሥራ፣ በወረፋ፣ በጓደኞቻችሁ መካከል ክፍት ቦታ ስታዩ መጀመሪያ ጠይቁ።

አላህ ለሰው መንገድ ከሚያሰፉት ያድርገን። መልካም ጁሙዓ!