ሳናነብ የሰጠነው ቃል
ባለፈው ክረምት ወልቂጤ ላይ አንዲት የበርበሬ ነጋዴ እናት ብድር ሲወስዱ «ልጆቼ፣ ምስክር ሁኑኝ» አሉን። ውሉ አስቀድሞ የታተመ ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ እኛ እንችላለን። ግን ሰልፉ ረጅም ነበርና ሳናነብ ፈረምን። እሳቸውም አሻራቸውን አኖሩ።

ታዲያ ያልሰሙትን ነገር ተስማሙበት ይባላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አይባልም ይላል። አንዱ ወገን ያዘጋጀው ጠቅላላ የውል ቃል፣ ሌላው አውቆ ካልተቀበለው ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ካላጸደቀው አያስገድደውም (ቁጥር 1686)። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራም በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አይጸናበትም (ቁጥር 1728)።

ሕጉ ጥሩ ነው። ግን መስኮቱ ጋ የቆምነው እኛ ነን እንጂ ሕጉ አይደለም።

«ማን አስገደዳቸው?» የሚል ይኖራል። ብሩን ሌላ ከየት ያምጡት?

ቡታጅራ እቁብ ሲጀመር ደንቡ በሁሉም ፊት ይነገራል፤ ያልገባው ይጠይቃል፣ ያልጣመው ይከራከራል። የታተመ ወረቀት ግን መልስ አይሰጥም። ዛሬ ስልካችን ላይ «እስማማለሁ» የሚለውንም ጣታችን ከዓይናችን ቀድሞ ይጫነዋል።

እሺታ ዋጋ የሚኖረው እምቢ ማለት ሲቻል ነው። ለማያነበው ሰው ያንን በር የምንከፍት እኛ ነን። እንግዲህ ሰልፉ ያጉረምርም፤ ጮክ ብለን እናንብብላቸው።