እሺታ ምንድን ነው?

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአማርኛ ተረት። ጥርስ ግን ዝም በተባለ ቁጥር ይነቅዛል፤ ሕመሙ ከአቅም በላይ ሲሆንም ባለቤቱ ሐኪም ፍለጋ ይነሣል። አንድ ኽምጣኛ ተናጋሪ አርሶ አደር ከዝቋላ ወረዳ፣ ከተከዜ ተፋሰስ ቆላ ተነሥቶ ሰቆጣ ቢደርስና ከጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ሐኪሙ በአማርኛ ጥቂት ቃላት ሲናገር እርሱም «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ አፉን ቢከፍት፣ ይህ ሰው ፈቅዷል ይባላልን?

ፈቅዷል የሚሉ ወገኖች ክርክር አላቸው። የታመመ ሰው የሚሻው ንግግር ሳይሆን ዕረፍት ነው፤ ዐዋቂን አምኖ ራሱን መስጠቱም የራሱ ውሳኔ ነው፤ ብዙ ሕሙማን ወረፋ በሚጠብቁበት ስፍራም ረጅም ማብራሪያ የሌላውን ስቃይ ያራዝማል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የተቦረቦረ ጥርስ ሁሉ አይነቀልም፤ ተጠርጎ የሚሞላ አለ፤ በሥር ሕክምና የሚተርፍም አለ። የተነቀለ ቋሚ ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ሌላ መንገድ መኖሩን ያልሰማ ሰው የቀረበለትን ተቀበለ እንጂ መረጠ አይባልም። በዚያም ላይ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ታካሚው መናገር አይችልምና ጥያቄውና መልሱ ከዚያ በፊት ማለቅ፣ «ይቁም» የሚያሰኝ የእጅ ምልክትም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሕጉም ይህን አልዘነጋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም የቀዶ ጥገናን እምቢ ለማለት እንደሚችል ደንግጓል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ ታካሚው ተረድቶ መፍቀዱን የሕክምና ቅድመ ሁኔታ አድርጎታል።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ፈቃዱ ስለ ሌላ ሰው ሲሰጥ ነው። በአማራ ክልልም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሕፃን ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልወጣ የወተት ጥርሱ በስለት ሲወጣ ኖሯል። እናቲቱ ፈቅዳለች፤ የፈቀደችውም በፍቅር ነው። ድዱ ያበጠው ግን ጥርሱ ሊወጣ ስለ ደረሰ ነው፤ የተቅማጡም ምክንያት ሌላ ነው። ቁስሉ መድማትንና መመርቀዝን፣ በኋላ በሚበቅለው ቋሚ ጥርስ ላይም ጉዳትን ሊያስከትል ይችላል። ፍቅር ነበረ፤ ፈቃድም ነበረ፤ የጎደለው እውነት ነው። የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ይቀጣል፤ ቅጣት ብቻውን ግን ዕውቀት አይሆንም።

ሳያስረዳ የሚነቅል ሐኪም በሙያው ከልማድ ዐዋቂው እጅግ ይበልጣል፤ ታካሚውን በጨለማ በማስቀመጡ ግን ከእርሱ አይለይም። ኽምጣኛ የሚያውቅ ባልደረባ መጥራት፣ የታመመውን ጥርስ በመስተዋት ማሳየት፣ «ምን እንደ ተረዱ ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በዚያች ደቂቃ አርሶ አደሩ የገዛ አካሉ ባለጉዳይ ይሆናል። ጥርሱ ይነቀል ይሆናል፤ ነቃዩ ሐኪሙ፣ ወሳኙ ግን እርሱ ነው።