ዝም ማለት መዋሸት ነውን?

ሐሰት መናገር ነውር መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። የምናውቀውን ሳንናገር መቅረትስ ምን ይባላል? ጥያቄው መርሳ ገበያ ከገዛሁት አንድ አሮጌ የእጅ ሰዓት ጋር አብሮኝ የመጣ ነው።

አሮጌ ሰዓት መሰብሰብ እወዳለሁ፤ ባትሪ የሌለውን፣ በእጅ የሚሞላውን ማለቴ ነው። (ጓደኞቼ "ስልክህ ላይ ሰዓት የለምን?" እያሉ ይስቁብኛል። አለ።) የዚህ ዓይነቱ ሰዓት ኃይሉ ከሞላው ነው። የተጠቀለለው ሞላ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ መዘውሮች ይገፋል፤ በመጨረሻም አንዲት ሚዛን ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ግፊቱን በልክ በልኩ ትቆርሰዋለች። ብዙዎቹ የድሮ ሰዓቶች በሰከንድ 5 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ይመታሉ። ዘይታቸው ሲደርቅ ይቆማሉ። መቆም ግን መሞት አይደለም፤ ታጥበው አዲስ ዘይት ከተቀቡ ከ60 ዓመት በኋላም ይነሣሉ።

በነሐሴ ወር አንድ አዛውንት ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀምጠው አገኘሁ።

"አባባ፣ ይሠራል?"

"ሞቷል ልጄ። ለሶላቱ እንደሁ አዛኑ ይነግረኛል። ስድስት መቶ ስጠኝና ውሰደው።"

ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቅነቅ አደረግሁት። ሚዛኗ ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛውዛ ቆመች። ሞላውም አልተበጠሰም። በገጹ ላይ የኦሜጋን ምልክት አይቻለሁ። 600 ብር ቆጥሬ ሰጠሁና ሄድኩ። አንድም ቃል አልዋሸሁም። ወልድያ ያለ አንድ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ካጠበው በኋላ ግን እዚያው ቆሞ 9,000 ብር ልስጥህ አለኝ፤ ደስታዬ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተበላሸ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ምሳሌ አለ። ሮድስ ደሴት ተርባለች፤ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ የደረሰ ነጋዴ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋንስ የተባለው ፈላስፋ ሕጉ የሚያዘውን ጉድለት ከነገረ ይበቃዋል ይላል፤ አንቲጳጥሮስ ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ሊነግራቸው ይገባል ይላል። ሲሴሮ ራሱ ነጋዴው ሊደብቅ አይገባውም ነበር ብሎ ፈርዷል።

እኔ ግን ለጊዜው ዲዮጋንስን መረጥኩ። ሰዓት መለየት የተማርኩት በብዙ ድካም ነው፤ እውቀቴ ደመወዝ የለውምን? አልኩ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን ግማሹን አምናለሁ። ነገር ግን በዚህ ገበያ የሚሸጠው ብረቱ ብቻ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ሲል በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከጨረታው ወጣ፤ በ2017 ግን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ወርቁ ብቻ አልነበረም፤ በማን እጅ ላይ ታስሮ እንደነበረም ተገዝቷል። እኔ አዛውንቱን ሰዓቱን ከየት እንዳገኙት እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

በመስከረም ተመልሼ ሄድኩና ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁ። ሰዓቱን ሞልቼ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያም አሰብ ወደብ ጫኝና አውራጅ ሳሉ ዓመት ሙሉ ባጠራቀሙት ብር ከአንድ መርከበኛ እንደገዙት አወሩኝ። ስለ ዘጠኙ ሺሕ ብር ነገርኳቸው።

"ዋጋውን ተወው። እንደሚነሣ ያን ቀን ታውቅ ነበር?"

"ዐውቅ ነበር አባባ።"

"ሞቷል ብዬ እኮ ነው የሸጥኩት።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለዋጋው ልዩነት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። የሮድስ ሰዎች ቢወደድባቸውም የፈለጉትን እህል ገዝተዋል፤ እኚህ አዛውንት ግን ቢነገራቸው ኖሮ መሸጡንም አይፈልጉትም ነበር። የወሰድኩባቸው ስምንት ሺሕ ምናምን ብር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እሸጣለሁ ወይም አልሸጥም የሚሉበትንም ወስጄባቸዋለሁ። ለዚህ ደግሞ ሲመለስ የሚቆጠር ብር የለም።

ሰዓቱን እንዲሁ ይውሰዱት ብላቸው እምቢ አሉ። 600ውን ለልጅ ልጆቻቸው ደብተር ገዝተውበታል፤ ማሽላው ሲገባ ከነማሳጠቢያው እመልስልሃለሁ አሉኝ። ተከራከርኩ፤ አልሆነም። ሰዓቱ አሁን እሳቸው እጅ ላይ ነው። ይህን ስጽፍ የሀብሩ ማሽላ ገና አላሸተም።