ቀረልኝ ወይስ ቀረብኝ?

ቤቴ ጀሞ፣ መሥሪያ ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ሙያዬ ትርጉም ስለሆነ ከላፕቶፕና ከመዝገበ ቃላት ሌላ ዕቃ አይጠይቀኝም። አለቃዬ «በሳምንት ሦስቱን ቀን ከቤትህ መሥራት ትችላለህ» ያሉኝ ዕለት ማታ፣ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና የአንድ ቀን ወጪዬን መደመር ጀመርኩ። ታክሲ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ፣ ደርሶ መልስ 80 ብር። ምሳ 150። ከምሳ በኋላ የማይቀረው ማኪያቶ 50። ሊስትሮ 20። በድምሩ 300 ብር። በወር አሥራ ሁለት ቀን ቤት ብውል 3,600 ብር! ወረፋዬ ሳይደርስ ብሩን በሐሳቤ ጨርሼው ነበር፤ አንድ ደህና ወንበር፣ ለእናቴ ጋቢ፣ የተረፈው ባንክ።

ወሩ አለቀ። ወንበሩም ጋቢውም አልተገዛም፣ ባንክ የገባ ብርም የለም። ከደመወዝ በፊት ያለችው ሳምንት እንደ ወትሮዋ ጠባብ ሆና መጣች። መጠጥ ቤት አልሄድኩም፤ ልብስ አልገዛሁም፤ ያበደርኩትም ሰው የለም። ታክሲ አለመሳፈሬ እርግጥ ነው፤ ምሳ ቤት አለመግባቴም እርግጥ ነው። ታዲያ ያልወጣው ብር የት ገባ?

የሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ወዳጄን ጠየቅኩት። «ያልወጣ ብር እንደ ገባ ብር ነው፤ አንድ ቦታ አፍስሰኸዋል» አለኝ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ኑሮ ላይ ግን ሁለቱ ብሮች አይመሳሰሉም። የሚገባ ብር ቀን አለው። ደመወዝ ሲገባ ከባንክ መልእክት ይመጣል፤ ቤተሰብ ይሰማል፣ ባለዕዳም ይሰማል። ያልወጣ ብር ቀንም ድምፅም የለውም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ባለመሳፈሬ ኪሴ ውስጥ የቆየው 20 ብር ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ዝም ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስወርድ የታክሲ ብር እንደነበረ አላስታውስም። ስም የሌለውን ብር ደግሞ የጠራው ሁሉ ይወስደዋል።

አማርኛችን እዚህ ላይ ከካልኩሌተሬ የተሻለ ያውቃል። የተረፈውን «ቀረ» እንላለን፤ ሳይመጣ የጠፋውንም «ቀረ» እንላለን። ድስት ውስጥ ወጥ ቀረ፤ እንግዳው ቀረ። ቃሉ ላይ «ል» ወይም «ብ» ስንጨምር ነው ፍርዱ የሚለየው። ቀረልኝ ካልኩ ተገላግያለሁ፤ ቀረብኝ ካልኩ አጥቻለሁ። ያቺን የሰልፍ ላይ ዝርዝሬን በዚህ ሚዛን ደግሜ አየኋት። ታክሲው ያለ ክርክር ቀረልኝ፤ ግፊያውም፣ የረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ»ም፣ የክረምቱ ሰልፍም ቀሩልኝ። ማኪያቶውስ? ሃምሳ ብሩ የወተትና የቡና ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ ከባልደረቦቼ ጋር ግማሽ ሰዓት የምስቅበት ወንበር ኪራይም ነበረበት። እሱ ቀረብኝ። 300ው ብር አንድ ዓይነት ብር አልነበረም ማለት ነው፤ አንድ ያደረገው መደመሬ ነው።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔም እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። እኛ ከቤት መሥራትን ትናንት እንደመጣ ነገር እናወራለን፤ እሱ ግን ከመኝታው ተነስቶ ሁለት እርምጃ ይሄድና እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ያነሳል። «በየቀኑ 80 ብር የታክሲ ቆጥበሃል» ብለው ይስቅብኛል። ምንም አልቀረለትም፤ መጀመሪያውኑ ምንም አልነበረበትምና። ስለዚህ ቁጠባ የምንለው ለብቻው የሚቆም ዕቃ አይደለም። የምኖረውን ኑሮ ካልኖርኩት ኑሮ ጋር ሳስተያይ የሚታየኝ ልዩነት ነው፤ ያልኖርኩትን ውድ አድርጌ በሳልኩት ቁጥር ቁጠባዬም ይገዝፋል። በየቀኑ በራይድ እመላለስ ነበር ብዬ ብነሳ ኖሮማ እስካሁን ሀብታም ነበርኩ።

የመንግሥት ሠራተኛውን ደግሞ እንይ። በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነፃ ይመላለሳል። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የፌዴራል መንግሥት አብዛኛው ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ አድርጎ ነበር፤ በዚያ አውቶቡስ ይሄድ ለነበረው ሰው የቀረለት የመጓጓዣ ብር አልነበረም። ነዳጁ የቀረለት ለመንግሥት ነው። «ስንት ቀረ?» ከማለቴ በፊት «ለማን ቀረ?» ማለት ነበረብኝ።

በሁለተኛው ወር ነገሩን በተግባር ልፈትነው ተነሳሁ። ቤት በምውልበት ቀን ሁሉ፣ ድሮ ከቤት በምወጣበት ሰዓት፣ 300 ብር ቆጥሬ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ብሩ ስም እንዲኖረው ነው። ቤት መዋሌ የሚያመጣው ወጪም ከዚያው ይወጣል፤ ለምን እንደወጣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገባል። እናቴ አብራኝ ስለምትኖር ሕጉን ነገርኳት። «የዕቁብ ዳኛ ልታደርገኝ ነው» ብላ ቆርቆሮውን ተረከበችኝ።

ወሩ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ ዘረጋናቸው። ቢሮ በነፃ የምጠቀመው ኢንተርኔት ቤት ሲሆን ጥቅል ይገዛለታል፤ 800 ብር። ለመብራት ካርድ በጭማሪ የተሞላ 120። ለሽሮ፣ ለዘይት፣ ለሽንኩርት፣ ለእንጀራ 780። ለቡና፣ ለስኳርና ለከሰል 340። አንዷ ወረቀት ብቻዋን 420 ትላለች፤ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ «ሰነዱ ዛሬ መፈረም አለበት፣ አሁኑኑ ድረስ» ተብዬ በራይድ የበረርኩባት ናት። ቤት ያለ ሰው በድንገት ሲጠራ «ታክሲ ተሰልፌ ልምጣ» ለማለት ያፍራል። 3,600 ገብቶ 2,460 ወጥቷል። የተረፈው 1,140 ብር ነው፤ ከገመትኩት ሲሶ እንኳ አይሞላም። ግን አለ፤ ይቆጠራል።

ልቆጥረው እጄን ስዘረጋ እናቴ ከወረቀቶቹ መካከል አንዲት ባዶ ቁራጭ አነሳች። ምንም አልተጻፈባትም።

«ይቺስ?» አለችኝ።

«ምንድን ናት፣ እማዬ?»

«የእኔ ናት። አንተ ቢሮ ስትሄድ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ፣ ከጎረቤት ቡና እጠጣለሁ፤ ለአንድ ሆዴ ብዬ ድስት አልጥድም፣ ያደረ እንጀራ በሻይ ይበቃኛል። አሁን አንተ ቤት ስትውል እኔ ቢሮ ገባሁ።»

ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ስልኬን አንስቼ እንደገና ደመርኩ። አሥራ ሁለት ምሳ በ150 ብር 1,800 ብር ነው። ቤት ውስጥ ለምሳ የወጣው 780 ነው፤ ያውም የእናቴን ድርሻ ጨምሮ። ልዩነቱ 1,020 ብር። ከተረፈኝ 1,140 ብር ጋር አስተያዩት። ምሳ ቤት በምከፍለው 150 ብር ውስጥ ሽሮውን ያወጠወጠችው፣ ያቀረበችው፣ ሳህኑን ያጠበችው ሴት ደመወዝ ነበረበት። ቤት ስበላ የሽሮውን ዋጋ ከፈልኩ፤ የእጇን አልከፈልኩም። ወዳጄ «የምሳ ቤቱ ኪራይም፣ ትርፉም፣ ግብሩም እኮ 150ው ውስጥ አለ፤ ሁሉን የእጅ ዋጋ አታድርገው» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው፤ ከ1,020 ጥቂት ይቀነስ። ቢቀነስም ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ብር በአብዛኛው የእኔ ቁጠባ አይደለም። የእናቴ ያልተከፈለ ሥራ ነው፤ በእኔ ስም የተቀመጠ። እኔ ቀረልኝ ስል እሷ ቀርቶባታል፤ የጎረቤት ቡናዋ፣ የጠዋት ዕረፍቷ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰው ቤቱ ሆኖ ለአሠሪ በደመወዝ የሚሠራበትን የቤት ሥራ ውል ለብቻው አንስቶ ይደነግጋል። ውሉ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ድስት የምትጥደዋ ሦስተኛዋ የለችበትም።

አሠሪውስ ምን ቀረለት? በዚህ ላይ በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ሻንጋይ ውስጥ ሲትሪፕ የተባለ የጉዞ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ፈቃደኛ የሆኑ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞቹን ሁለት ቦታ ከፈለ፤ ግማሾቹ ለዘጠኝ ወር በሳምንት አራቱን ቀን ከቤታቸው ሠሩ፣ ግማሾቹ ቢሮ ቀሩ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳተሙት። ቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሥራ የሚለቀውም ሰው በግማሽ ቀነሰ። ኩባንያው ደግሞ በአንድ ሠራተኛ በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ተረፈው፤ የቢሮ ቦታ መቀነሱ በዚያ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ የእኔ ሳሎን የመሥሪያ ቤቴ ቢሮ ሆኗል፤ ኪራይ የሚቀበል ግን የለም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የጥናቱ መጨረሻ ነው። ፈተናው አልቆ «ምረጡ» ሲባሉ፣ ቤት ሆነው ሲሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ፤ ብቸኝነቱ ከብዷቸው። የመጓጓዣ ብራቸውን እያወቁ እንደገና መክፈል ጀመሩ። ማኪያቶው ቀርቶባቸው ኖሯል።

ሰዓቱን አልረሳሁትም፤ ሰዓት ግን በቆርቆሮ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በ27 አገሮች የተሰበሰበ መረጃን የተነተኑት ብሉምና ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ከቤት መሥራት በቀን በአማካይ 72 ደቂቃ የጉዞ ጊዜ እንደሚያተርፍ አገኙ። ከዚያ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ለሥራ ይውላል። የእኔ ከዚህም ይብሳል። ከጀሞ አራት ኪሎ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። አሁን ታክሲ ውስጥ በምሆንበት ሰዓት ላፕቶፑን ከፍቼ እገኛለሁ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይም «ቤት ስለሆንክ ይቺን ገጽ ብቻ» የሚል መልእክት ይመጣል። ከሦስቱ ሰዓት በእርግጠኝነት የእኔ የምለው ጠዋት የምተኛትን አርባ ደቂቃ ነው፤ እሷን ለማንም አልሰጥም።

ወደ ሊስትሮው ልመለስ። ባለፈው ሰኞ አራት ኪሎ ስወርድ ሳጥኑ ላይ እግሬን ሳላሳርፍ «ጋሼ፣ ጠፉ እኮ! ያመመዎት መስሎኝ» አለኝ። በቀን 20 ብር፣ በወር 240 ብር ከእኔ ብቻ ቀርቶበታል። ፈረንሳዊው የምጣኔ ሀብት ጸሐፊ ፍሬዴሪክ ባስቲያ እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሚታየውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ የማይታየውንም ፈልጉ ይላል። በእሱ መንገድ ካየነው ብሩ አልጠፋም፤ ከአራት ኪሎ ሊስትሮ ወደ ጀሞ ከሰል ሻጭ ዞረ እንጂ። ድምሩን ለሚያየው እውነት ነው፤ ሳጥኑን ይዞ አስፋልት ዳር ለተቀመጠው ልጅ ግን ድምሩ ምኑም አይደለም። በሌላ በኩል፣ በሦስቱ ቀን ማታ ሜክሲኮ ላይ አንድ ወንበር እለቃለሁ። እኔ የማላውቀው፣ እሱም የማያውቀኝ አንድ ሰው ከሰልፉ አንድ ቦታ ወደፊት ይጠጋል። ይህ ቁጠባ በማንም ደብተር አይጻፍም፤ ከሁሉም ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ያገኘሁት ግን እሱን ነው። ታክሲውን ያለ ክርክር ቀረልኝ ማለቴም ትክክል ነበር፤ በዝርዝሬ ውስጥ ለእኔ ቀርቶልኝ ማንም ላይ ያልቀረ ብር ቢኖር የታክሲው ብቻ ነው። ረዳቱ ቢሰማ ይቃወመኝ ይሆናል፤ ሰልፉን አይቶ ግን አይቃወመኝም።

1,020ውን ብር ቆጥሬ ለእናቴ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም። «ልጄ ምሳ በላ ብዬ ብር ልቀበል?» ብላ ተቆጣች። ዝም ብላ ቆይታ ግን «እንዲያው አንድ ቀን ልቀቀኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ ቡናው ጎረቤት ቤት ነው» አለች።

ሐሙስ ሐሙስ ምሳዬን ውጭ እበላለሁ። 150 ብር።