በብዙ እጅ ያለፈ በደል

የነጋዴ ትርፍ ጽድቅ ነው ወይስ ኃጢአት የሚለውን ጥያቄ ቀደምት ሊቃውንት ሲመረምሩት የኖሩት ሻጭና ገዥ በአንድ ገበያ ፊት ለፊት ቆመው በሚገበያዩበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሲደነግግ በሐሳቡ ያሉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ዛሬ በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በላንቴ የሙዝ እርሻ ላይ ቆሞ ያንኑ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ግን ተከሳሹን ከየት ያመጣዋል?

ገበሬው ገና ያልበሰለውን ዘለላ ቆርጦ መንገድ ዳር ያከማቻል፤ ደላላው የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ሰምቶ ይነግረዋል፤ ጫኞቹ በአይሱዙው ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፈው ዘለላ በዘለላ ላይ ይደረድራሉ፤ ጅምላ ነጋዴው በተዘጋ ክፍል በነጭ ጋዝ ጭስ ያበስለዋል፤ በመጨረሻም የሱፐርማርኬቱ ሠራተኛ ቢጫ ሆኖ የመጣለትን መዝኖ ዋጋ ይለጥፍበታል። በዚህ ሁሉ መካከል ከገበሬው ላይ ያላግባብ የተቀነሰ ነገር ቢኖር፣ እያንዳንዱ የወሰድሁት የድካሜን ነው ይላል፤ የሚያስጨንቀውም አብዛኞቹ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ለዚህ ችግር የደርግ መንግሥት የሰጠው መልስ ነጋዴውን በመንግሥት ድርጅት መተካት ነበር፤ ከዚያው ዘመን የመጣው የአትክልትና ፍራፍሬ ነጋዴ ድርጅት ኢትፍሩትም በ2008 ዓ.ም. ከእህል ንግድና ከአለ በጅምላ ጋር ተጠቃልሎ በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር ገባ። የገበያው ቦታ መለወጡም መልስ አልሆነም፤ የአዲስ አበባው የአትክልት ገበያ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ታቦታት በሚያድሩበት በጃንሜዳ ሰፍሮ ነበር፤ ለጥምቀት ሲባል ሜዳውን ለቀቀ እንጂ፣ በዚያ ሳለ የሚዛኑ ነገር ከወትሮው የተሻለ ነበር ሲባል አልሰማሁም።

ጥንታዊቷን ብርብር ማርያምን ያቀፈው የጋሞ ደጋ ግን ሌላ መንገድ ያውቃል። አባቶች ጎሜ የሚሉት የሥርዐት መተላለፍ፣ አድራጊው ቢታወቅም ባይታወቅም፣ በዝናብ መጥፋት፣ በከብት ሞት፣ በልጅ ሕመም ይገለጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ሥፍራ ተቀምጠው ከጉዳቱ ተነሥተው ወደ ኋላ ምክንያቱን ይፈልጋሉ፤ የተገኘበትም በጉባኤ ይናዘዛል። ሀላቃ የሚባለው የአገር ባለ ማዕርግ አዲስ ሲሾም በገበያ መካከል ዞሮ ለሕዝብ እንዲታይ መደረጉም ገበያው ከሸቀጥ በላይ የሚከብድ ነገር የሚፈጸምበት አደባባይ እንደ ሆነ ያስረዳል። በእኔ አስተያየት፣ ነፍስ አባት ንስሐ የሚገባውን ሰው አንተ ምን አደረግህ ብሎ ሲጠይቅ፣ ዱቡሻው ማን ተጎዳ ብሎ መጀመሩ ለጅምላ ንግድ የሚስማማ ጥበብ ነው። ጉድለቱም አለ፤ ጎሜ አንድ ዝናብ የሚጠብቁ ሰዎችን ያስፈራል እንጂ፣ ሙዙን ልጦ የሚበላው አዲስ አበቤ የላንቴን ሰማይ ቀና ብሎ አያይም።

በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለ ሀብቶች እንዲከፈት ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ በገበሬውና በበላተኛው መካከል ያለው እጅ ገና ሊበዛ ይችላል። እንግዲህ ዱቡሻውን ወደ ሱቁ ማምጣት የሚሻ ባለ ሱቅ ቢኖር፣ በሙዙ ላይ ከሚለጥፈው ዋጋ አጠገብ ለገበሬው የተከፈለውን ይጻፍ፤ የመካከሉንም ሒሳብ ገዥው ቆሞ ይጠይቀው።