የመጋቢት በረዶ

በዋግ ኽምራ፣ ከአምደወርቅ ከተማ በላይ ባለው ደጋ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን በጎች እኩል ተካፈሉ። ታላቁ የገብሱን ጭድ ገበያ አውርዶ ሸጠና ለበጎቹ ባለቆርቆሮ ቤት ሠራላቸው፤ ግድግዳውን በጭቃ ሲመርግ ጭስ የሚያሾልክ ቀዳዳ እንኳ አላስቀረም። ያየው ሁሉ አደነቀ። የታናሹ በጎች በአሮጌው ጉረኖ ቀሩ፤ ክዳኑ ሣር፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል በካብ የተከለለ፣ ወዲያ ጎኑ ግን ክፍት ነው። እሱ ጥቅምትን ሣር ሲያጭድና ድርቆሽ ሲከምር፣ ክምሩንም በእሾህ ሲያጥር ከረመ። ሚስቱ ሳትቀር «ሰው ቤት ሲሠራ አንተ ሣር ታቅፋለህ» አለችው።

መጋቢት ገባ። ግጦሹ ያለቀበት፣ በግ ከዓመት ዓመት የሚከሳበት ወር ነው። አንድ ቀን ማምሻውን ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ ወረደ፤ መሬቱ ነጭ ለብሶ አደረ። የታላቁ በጎች ታፍገው ገቡ። ትንፋሻቸው የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ እየነካ ውሃ ሆኖ ጀርባቸው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ከዝናብ ሸሽተው በገቡበት ቤት ዘነበባቸው። ሲነጋ ስምንቱ ሞተዋል። ታናሹ ድርቆሹን ገና በጊዜ በትኖላቸው ስለነበር የሱዎቹ ሲያመነዥኩ አደሩ። ሌሊት የተወለደውን ግልገል በጭድ አሽቶ አደረቀው፤ እንገሩን እስኪጠባም እናቱን ይዞ ቆመ። መንታው ግን በጨለማ ሳያየው ብርድ ገደለው።

ጧት ታላቁ መጣ። «ጋሼ፣ ድርቆሹን ውሰድ፤ ግን በትንሽ በትንሹ ስጣቸው» አለው ታናሹ። ጋሼ ድርቆሹ አላረካውም፤ ጎተራውን ከፍቶ ገብስ በእንቅብ አፈሰሰላቸው። በራብ የሰነበተ ሆድ ድንገት የወረደበትን እህል አይችልም። ሦስት በጎች ሆዳቸው ተነፍቶ ወደቁ።

እረኛ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሣርና ጭድ ሆድ ውስጥ ሲብላላ ይሞቃል። የጠገበ በግ ደረቅ ብርድ ይችላል፤ የሚጥለው እርጥበት፣ ነፋስና ባዶ ሆድ ሲገጥሙበት ነው። የሞንጎልያ ከብት አርቢዎች «ዙድ» የሚሉት መቅሠፍት ብዙ ጊዜ ከበጋ ድርቅ ይጀምራል፤ ከስቶ የገባውን መንጋ በረዷማው ክረምት ይጨርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. ከ7 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንዲህ አለቁባቸው። በዚያው ዓመት በዋግ ኽምራ ቆላ ድርቅ ከብት ይፈጅ ነበር። እዚያ በረዶ፣ እዚህ ፀሐይ፤ የሞቱት ግን ሁለቱም ጋ ሆዳቸው ባዶ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ድርቅ የሚላክ እርዳታም ሲዘገይ የጋሼን ገብስ ይመስላል፣ እንደ እሱ ባይከፋም። ደግሞ ለቆርቆሮ ቤት ሪባን የሚቆርጥ ሹም አይጠፋም፤ ለድርቆሽ ክምር ማን ሪባን ይቆርጣል? መንዞች የጓሳን ሣር «ቄሮ» በሚሉት የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ዘግተው ጠብቀዋል፤ ቀን ሲከፋ ይከፍቱት ነበር። በዋግ ደጋም አንድ ተዳፋት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከግጦሽ ከልክሎ ማቆየት ለቀበሌ ስብሰባ የማይከብድ ውሳኔ ነው። ከባዱ አጥሩን ጥሶ የገባው በሬ የሊቀመንበሩ ሆኖ ሲገኝ ነው።