ለሰቆጣ መንገድ ሹፌሮች፦ እንቅልፋችሁን አስመርምሩ

ከአላማጣ ተነስቶ የግራካሱን ዳገት የሚወጣ፣ ከኮረም ወደ ሰቆጣ የሚታጠፍ የጭነት ሹፌር መንገዱን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። የቱ ቁልቁለት ፍሬን እንደሚፈትን፣ የቱ ጥምዝ ተሳቢ እንደማያዞር ይነግራችኋል። ስለ ራሱ እንቅልፍ ስትጠይቁት ግን «ለምጄዋለሁ» ብሎ ያልፋል። እንቅልፍ ማጣትን የለመደ ሰው የለም፤ መድከሙን ማስተዋል ያቆመ ነው ያለው።

ድርቅ በማይለየው በዋግ ኽምራ የምታደርሱት እህልና መድኃኒት ስንት ቤት እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፤ ችኮላችሁም ከዚያ ነው። ነገር ግን 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አሳይቷል። ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሹፌር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እዚያ ደርሷል ማለት ነው፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ደግሞ በ4 ሰከንድ ሸለብታ ከ40 ሜትር በላይ ያለ ሹፌር ይሄዳል።

ከዚህ የባሰው ተኝቶም የማያርፈው ሹፌር ነገር ነው። ረዳቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ጋቢና ውስጥ አብራችሁ ስታድሩ ሹፌሩ በኃይል ያንኮራፋል፤ ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን አይገባም። 10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆይና እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ እንደገና ማንኮራፋት ይጀምራል። ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ላልቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል፤ አንጎሉ ደግሞ እንዳይታፈን ይቀሰቅሰዋል። ይህ በሰዓት ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ያድራል፣ እሱ ግን ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። የሚያውቀው አፉ መድረቁን፣ ራሱን ማመሙንና ገና ረፋዱ ላይ ዓይኑ መክበዱን ነው። «ሲያንኮራፋ አደረ፣ ጥሩ ተኛ» የምንለው ሰው ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ ሲታነቅ ያደረ ነው። በሽታው ወፍራምና አንገተ ደንዳና ወንዶችን ያዘወትራል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ቀጫጭኖችም ግን አያመልጡትም።

እዚህ ላይ ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። ጫት እንቅልፍን ይደብቃል እንጂ አይተካም። ምርቃናው ሲበርድ የተጠራቀመው ድካም በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ያውም መኪናው ገና መንገድ ላይ ሳለ። አልጋ ላይ የደረሰው ደግሞ ምርቃናውን ሰብሮ እንቅልፍ እንዲወስደው ለጨብሲ አልኮል ይጠጣል፤ መጠጡ ጉሮሮውን ይበልጥ ያላላዋል፣ መታፈኑም ይብሳል። በማግስቱ ይበልጥ ደክሞ ይነሳና ይበልጥ ይቅማል። ከዚህ አዙሪት ውጡ፣ ወንድሞቼ። ዓይናችሁ ሲከብድ መስኮት መክፈትና ዘፈን ማስጮህ አያድንም። ደህና ቦታ ላይ አቁሙ፤ ቡና ካገኛችሁ ጠጡና ወዲያው 20 ደቂቃ ተኙ፣ ስትነሱ ቡናው መሥራት ጀምሯል። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ግን ሰውነት ለእንቅልፍ የሚሸነፍበት ነውና ኮረም ወይም ሰቆጣ እደሩ።

ረዳቶችና ሚስቶች፣ ያን ማንኮራፋትና ጸጥታ በሞባይል ቅረጹለትና ለሐኪም ይዞት ይሂድ። አሜሪካ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የጭነት ሹፌሮች ጥናት ይህ የመታፈን በሽታ እያለባቸው ሕክምናውን ያልተከተሉት፣ መከላከል ይቻል የነበረ አደጋ የማድረሳቸው መጠን በሽታው ከሌለባቸው 5 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል፤ ሕክምናውን በሚገባ የተከተሉት ግን ከሌሎቹ ሹፌሮች አልተለዩም። ሕክምናው ሲተኙ በአፍንጫ አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና ማታ መጠጥ መተውም ይረዳል።

የመኪና ባለቤቶችም በየሰዓቱ እየደወላችሁ «የት ደረስክ?» ማለቱን ተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የወሰነው ሹፌርም ሰው ስለሆነ ነው። «አመመኝ፣ ልመርመር» ያላችሁን ሹፌር ቁልፉን ቀምታችሁ አታባርሩት፤ ብታባርሩት ሌላው ሕመሙን ደብቆ ይነዳላችኋል።

ምልክቱን በራሳችሁ ላይ ያያችሁ ሹፌሮች፣ የሚቀጥለውን ጭነት ከመቀበላችሁ በፊት በቅርባችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የደም ግፊታችሁን ተለኩ፣ ማንኮራፋታችሁንም ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩት።